ከደሴ የገዛሁት የብሉዝ ፍላሽ፦ ሚሲሲፒ ላይ ባቲን መስማት

ደሴ ፒያሳ ላይ ከአንድ ፎቶ ቤትና ከአንድ ጫማ መሸጫ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ለሦስተኛው ቦታ የሌላት ሙዚቃ ቤት አለች። ካሴት ከገበያ ከወጣ ወዲህ እንደ ሌሎቹ ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ እርሷም የምትተዳደረው ዘፈን በፍላሽና በሜሞሪ እየጫነች በመሸጥ ነው። ልዩ የሚያደርጋት ባለቤቷ ያገኙትን ሁሉ አግበስብሰው የሚሰጡ ሰው አለመሆናቸው ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው እኚህ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ፣ በቅደም ተከተል የተሰደሩ ስብስቦችን ያዘጋጃሉ፤ የመንዙማ አላቸው፣ የአምባሰልና የባቲ አላቸው፣ የሱዳን አላቸው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ዜማ የሆነው የብሉዝ አላቸው። እኔ የገዛሁት ይህን የመጨረሻውን ሲሆን፣ በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ በሰባት ፎልደር የተከፈሉ 118 ዘፈኖችን ከስድስት ገጽ የፎቶ ኮፒ ማብራሪያ ጋር በ600 ብር ወስጃለሁ። ለተራ ፍላሽ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ካዳመጥኩት በኋላ ግን ገንዘቤ አላንገበገበኝም። ጉድለቶቹ ቀላል ባይሆኑም፣ ይህ ስብስብ ለዓመታት ስደጋግመው የኖርኩትን አንድ አባባል አስጥሎኛል።

አባባሉ «ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው» የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ከእንግዳም ከዘመድም ሲሰማ ይኖራል። የምንናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛውን ወገን ብቻ እያወቅን ነው፤ ትዝታን ከእናታችን ጓዳ ጀምረን ሰምተናል፣ ብሉዝን ግን በወሬ እናውቀዋለን። ፍላሹን ለመግዛት የተነሣሁትም ንጽጽሩ እውነት መሆኑን በራሴ ጆሮ ለመፈተን ነበር።

የመጀመሪያው ፎልደር የሚከፈተው በጊታር ሳይሆን በመጥረቢያ ድምፅ ነው። አለን ሎማክስ የተባለው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን በተባለው የእርሻ እስር ቤት የቀዳቸው የጥቁር እስረኞች የሥራ ዜማዎች ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ መጥረቢያው እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ሁሉም በአንድነት በሚተነፍሱበት ቅጽበት ነው። በደቦ አጨዳ ላይ የዋለ ሰው አሠራሩን ወዲያውኑ ይለየዋል፤ ልዩነቱ የእኛው ደቦ ሲያልቅ ጠላና እንጀራ ያለው መሆኑ ነው። ቀረጻዎቹ ዘግይተው የተሠሩ ቢሆኑም፣ ብሉዝ ከመወለዱ በፊት የነበረው ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር ከሁሉ በተሻለ የሚያሳዩት እነርሱ ስለሆኑ ባለሱቁ መግቢያ ማድረጋቸው ትክክል ነው።

ብሉዝ ራሱ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ነጻ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም። የጥጥ እርሻ ባለቤቱ መሬትና ዘር ይሰጠዋል፣ ምርቱን ይካፈለዋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከባለቤቱ ሱቅ በዱቤ የወሰደው ዱቄትና ጫማ ሲታሰብ ገበሬው ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። «ጭሰኛ» እና «ሲሶ» የሚሉትን ቃላት አያቶቹ በምን ዓይነት ድምፅ ይጠሯቸው እንደነበር ለሚያስታውስ የወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከዚህ ላይ የዘር መለያየት ሕግና ያለ ፍርድ የመሰቀል ፍርሃት ሲጨመርበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ጊታር ይዞ ስለ ራሱ የሚያንጎራጉርበት ዜማ ለምን በዚያ ስፍራና በዚያ ዘመን እንደበቀለ ይገባል። የሥራው ዜማ የጋራ ነበር፤ ብሉዝ «እኔ» ይላል።

ስሙን በተመለከተ ማብራሪያው «ሰማያዊ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ቃሉን እንጂ ስሜቱን አይተረጉምም። በእንግሊዝኛው ሰማያዊነት የመከፋት ምልክት ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ትክክለኛው ፍቺ «ከፋኝ» ነው። አማርኛው እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቃል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ «ከፋኝ» ያለ ሰው ወይ አንገቱን ደፍቶ ያንጎራጉራል፣ ወይ ጠመንጃውን አንሥቶ ይሸፍታል። ብሉዝም እነዚህን ሁለቱን በአንድ አፍ ይናገራል። «ጥላኝ ሄደች» እያለ ስለ ሴት የሚያለቅሰው ዘፋኝ፣ በስሟ ከለላ ስለ አለቃውና ስለ እርሻው ባለቤት እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የግጥሙን አሠራር ማብራሪያው ጨርሶ ስላልነካው እኔ ልጨምርበት። የተለመደው ብሉዝ በሦስት ስንኝ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ይባላል፣ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። ለማሳየት ያህል እኔ ያገጣጠምኩት እንዲህ ይሄዳል፦

ዝናቡ ዘነበ፣ ጎርፍ ቤቴን ወሰደ፣
ዝናቡ ዘነበ፣ ጎርፍ ቤቴን ወሰደ፣
እግሬ ብቻ ቀረኝ፣ እሱም ተሰደደ።

ድግግሞሹ ለማሳመር የገባ አይደለም። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙን እዚያው ስለሚፈጥር፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲደግም ሦስተኛውን የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል፤ አድማጩም እስኪመለስለት በጉጉት ይጠብቃል። አዝማሪ ከአድማጭ የተሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ ማሲንቆውን ጥቂት ሲያስጮህ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ጊታሩ ባዶውን ቦታ ይሞላል፤ ሦስቱ ስንኞች አብዛኛውን ጊዜ በአሥራ ሁለት የምት ክፍሎችና በሦስት ኮርዶች (በአንድ ላይ በሚመቱ የድምፅ ስብስቦች) ይጠናቀቃሉ።

ሁለተኛው ፎልደር የዴልታው ነው፤ የስብስቡም ልብ እርሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የማብራሪያ ስሕተት ማረም አለብኝ። ጽሑፉ «ዴልታ» የሚለውን ወንዙ ባሕር የሚገባበት ስፍራ አድርጎታል። የሚሲሲፒ ዴልታ በብሉዝ ታሪክ ሲጠራ ግን ከባሕሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የሚገኘውን፣ በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተንጣለለውን ለም የጥጥ ሜዳ ማለት ነው። ደብሊው ሲ ሃንዲ የተባለው የሙዚቃ መሪ በ1903 ገደማ ቱትዊለር በተባለች ትንሽ ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ፣ አንድ ያልታወቀ ሰው የጊታሩን አውታሮች በቢላዋ እያንሸራተተ ሁለት የባቡር ሐዲዶች ስለሚቋረጡበት ስፍራ አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ሰማ። ሃንዲ ድምፁን «ከሰማሁት ሁሉ እንግዳ የሆነ» ብሎ በሕይወት ታሪኩ አስታውሶታል። እርሱ በ1912 «ሜምፊስ ብሉዝ»ን፣ በ1914 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን በኖታ አሳትሞ ስሙ ሲገን፣ የባቡር ጣቢያው ሰው ስም ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከዚያ ቻርሊ ፓተን ይቀጥላል። ዶከሪ በተባለው የጥጥ እርሻ ላይ የኖረው ይህ ሰው ድምፁ በጠጠር የተፈተገ ይመስላል፤ የ1929ኙ ቀረጻዎቹ ሸክላው በጣም በማለቁ ምክንያት ከዝናብ ጀርባ የሚሰሙ ናቸው። ጊታሩን እንደ ከበሮ ይደበድበዋል። ዘፋኞቹ ሰን ሃውስ፣ ሃውሊን ዎልፍና ሮበርት ጆንሰን ሁሉም ከእርሱ ቀስመዋል። ሮበርት ጆንሰን በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ደግሞ ዳላስ ላይ በድምሩ 29 ዘፈኖችን ቀድቶ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ማብራሪያው «በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ» የሚለውን ተረት እንደ ታሪክ ማቅረቡን አልወደድኩለትም። ተረቱ ቀድሞ የተነገረው ዝምድና ስለሌለው ስለ ሌላ ዘፋኝ፣ ስለ ቶሚ ጆንሰን ነበር። አንድ ድሃ ወጣት ሌት ተቀን ተለማምዶ ጎበዝ ሆነ ከማለት ሰይጣን አስተማረው ማለት ለምን እንደሚቀለን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ በገናም ሆነ ክራር በደንብ የሚደረድር ሰው ሲገኝ በእኛም አገር ተመሳሳይ ሐሜት አይጠፋም።

አሁን ወደ ባቲ ልመለስ። ፍላሹን ከጓደኛዬ መኪና ላይ ሰክተን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር የጆን ሊ ሁከር የ1948 «ቡጊ ቺለን» ገባ። ሁከር ከሚሲሲፒ ወጥቶ ዲትሮይት የሰፈረ ሰው ነው፤ በዚህ ዘፈን ውስጥ ያለው አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅና ወለሉን የሚመታ እግሩ ብቻ ነው፤ ኮርዱንም አይቀይርም። ጓደኛዬ ክራር ይገርፋል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄ ባቲ ነው» አለ። እኔ ትዝታን ስፈልግ ነበርና ሳቅሁበት። ማታ ቤቱ ገብተን ክራሩን ሲቃኘው ግን እርሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆች፣ ማለትም መነሻው፣ ትንሹ ሦስተኛ፣ አራተኛው፣ አምስተኛውና ትንሹ ሰባተኛ፣ ብሉዝ የሚቆምባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ትዝታ ግን ሜጀሩም ሆነ ማይነሩ በሌላ አጥንት የቆመ ነው። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀውን ባቲን የሚያገኝ ሰው፣ የብሉዝን አጽም በስሟ የሚጠራ ቅኝት ያላትን ከተማ አገኘ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በስሜቱ ተመርተን ስንት ዓመት ትዝታ ስንል ከረምን።

ይህን ስል ዝምድና እያወጀሁ አይደለም። አምስት ድምፅ ያለው ይህ ስልት በብዙ የዓለም ክፍሎች ይገኛል፤ በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙትም በዋነኛነት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ናቸው። የቅርቡ ዘመድ ይፈለግ ከተባለ ማሊ ላይ ነው የሚፈለገው፤ ባለሱቁም ይህን ተረድተው የማሊውን ጊታር ተጫዋች የአሊ ፋርካ ቱሬን ሥራዎች በስድስተኛው ፎልደር አስገብተዋል። ከዚህም በላይ ብሉዝ በአምስቱ ድምፆች ብቻ አይታጠርም። ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ከቦታቸው ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል እያንገላታ ያቆያቸዋል፤ «ሰማያዊ ድምፅ» የሚባለው ይኸው ነው። ለዚህ ነው የጠርሙስ አንገት ወይም ቢላዋ በአውታሩ ላይ የሚንሸራተተው። ክራር ይህን አይችልም፤ ማሲንቆ ግን ጣት የሚያቆም ክፍፍል ስለሌለው ይችለዋል፤ ደሴ ላይ አዝማሪ ሲያንጎራጉር የምንሰማው ያ መካከለኛ ድምፅ ፒያኖ ላይ አይገኝም።

ዓይነ ስውራኑ ዘፋኞች የተሰበሰቡበት ሦስተኛው ፎልደር አጭር ቢሆንም አንድ ዘፈን ብቻውን ዋጋውን ይከፍላል። ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በ1927 ዳላስ ላይ የቀዳው ይህ ዜማ ቃል የለውም፤ ማቃሰትና የሚንሸራተት ጊታር ብቻ ነው። ሰውየው በመሠረቱ መንፈሳዊ ዘማሪ ነበር፤ በድህነት ኖሮ በድህነት ሞተ። ይኸው ዜማ በ1977 ቮዬጀር የተባሉት መንኮራኩሮች በተሸከሙት የወርቅ ቅብ ሸክላ ላይ ተቀርጾ ወደ ጠፈር ተልኳል። ባለሱቁ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት የራሳቸውን ልጅ ያስመረቁ ያስመስላቸው ነበር።

አራተኛው የቺካጎ ነው። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ለቅቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ሄደዋል፤ ከሚሲሲፒ የተነሡት አብዛኞቹ በባቡር ቺካጎ ወርደዋል። ማዲ ዎተርስ በ1941 ስቶቫል እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ሳለ ሎማክስ ድምፁን ቀድቶ አሰማው፤ የራሱን ድምፅ ከሸክላ ሲሰማ ዘፋኝ መሆን እንደሚችል አመነ። በ1943 ቺካጎ ገባ። በመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ውስጥ የእንጨት ጊታር ስለማይሰማ በኤሌክትሪክ ቀየረው፤ ከዚያ የወጣውን ድምፅ ከፖላንድ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ቼስ በተባለው ድርጅታቸው ለዓለም አሰራጩት። በ1962 ለንደን ላይ የተቋቋመው ታዋቂ የሮክ ቡድን ስሙን የወሰደው ከማዲ የ1950 ዘፈን ነው። ስለ እንግሊዞቹ ከዚህ በላይ አልልም፤ ዘፈኖቻቸውን አንድ ጊዜ ሰምቼ ትቻቸዋለሁ።

በዚሁ የቺካጎ ፎልደር ውስጥ ከባድ ስሕተት አለ። ሁለት ሰኒ ቦይ ዊሊያምሰን ነበሩ፤ ሁለቱም ሃርሞኒካ ነፊዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1948 ቺካጎ ላይ ተገደለ። ሁለተኛው ስሙን ወስዶ ከ1941 ጀምሮ አርካንሳስ ውስጥ ሄሌና በሚገኝ ሬዲዮ በዱቄት ማስታወቂያ ፕሮግራም ታዋቂ ሆነ፤ በ1965 ሞተ። ፍላሹ ግን ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ዘፈኖቻቸውን ቀላቅሏል፤ የሞተው ሰው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲዘፍን ይሰማል።

የቢ ቢ ኪንግ ሥራዎች የሚገኙበት አምስተኛው ፎልደር ለጀማሪ የሚመች ነው፤ ብሉዝን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከዚያ ቢጀምር እመክራለሁ። የ1969 «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን» የሚለው ዘፈኑ ውስጥ ጊታሩ የሚናገረው ዘፋኙ አፉን ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ሁለቱ አይሻሙም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሴቶቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ፎልደር መሆናቸው ነው። ታሪኩ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ማሚ ስሚዝ በኦገስት 1920 «ክሬዚ ብሉዝ»ን ባትቀዳና ሸክላው እንደ እሳት ባይሸጥ ኖሮ፣ ድርጅቶቹ ጥቁር ገዢ መኖሩን ባላወቁ፣ ከዚያ በኋላም ፓተንንም ሆነ ጆንሰንን የሚፈልግ ባልተገኘ ነበር። ማ ሬኒና ቤሲ ስሚዝ በ1923 መቅዳት ጀመሩ። የቤሲ «ባክዋተር ብሉዝ» የተቀዳው በፌብሩዋሪ 1927 ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ታላቁ የሚሲሲፒ ጎርፍ መጥቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅል የተፈናቃዩ ሁሉ ዘፈን ሆነ። ቤሲ በሸክላ ሽያጭ ድርጅቷን ስታበለጽግ ለእርሷ የሚደርሳት የቁርጥ ክፍያ እንጂ የሽያጭ ድርሻ አልነበረም። ይህን ስጽፍ የያዝኩት ፍላሽም ለማንም ድምፃዊ አምስት ሳንቲም እንዳልከፈለ አልዘነጋሁም፤ የአገራችን ዘፋኞችም በካሴት ዘመን ጀምረው የሚያለቅሱበት ጉዳይ ነው።

ስለ ድምፅ ጥራቱ፦ ባለሱቁ ለጂፓስ እንዲመች ብለው የሁሉንም ዘፈን ቤዝ ከፍ አድርገውታል። ለማዲ አይከፋም፤ ለፓተን ግን የሸክላውን ጉርምርምታ እንጂ ሰውየውን አያጎላም። በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይሻላል። የዘፈኖቹ ስሞች በፊደላችን መጻፋቸው ለመኪና ቴፕ አይመችም፤ ብዙዎቹ ማንበቢያዎች አራት ማዕዘን ብቻ ያሳያሉ። ሱቁ ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል፤ መስተንግዶው ግን ሸጋ ነው፤ ከመግዛቴ በፊት በርጩማ ሰጥተው ግማሽ ሰዓት አሰምተውኛል።

ቅሬታዬን ይዤ ተመልሼ ስሄድ «አብሽር፣ የኔ ልጅ» ብለው ፍላሹን ተቀበሉኝ። እዚያው ቆሜ ሁለቱን ሰኒ ቦይ ለያዩልኝ፤ የዴልታውን ፎልደር ከቤዝ ጭማሪው ነጻ አድርገው በድጋሚ ጫኑልኝ፤ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁም። ሴቶቹን ወደ ፊት እንዲያመጡ ስጠይቃቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋሼ፣ ታሪኩ የጀመረው እኮ በእነርሱ ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ባደርጋቸው ግን ሰው እነርሱን ሰምቶ ሌላውን አይከፍትልኝም» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ የፎልደሩን ቁጥር ራሴ ቀየርኩት።